መኪና ውስጥ ምን ይከፈት? ሬዲዮ፣ ሙዚቃ ወይስ ዝምታ?



የዛሬው ርዕስ በብዙ መኪና ውስጥ በየቀኑ ጭቅጭቅ የሚያስነሳ ነው። አባት ዜና ይከፍታል፣ እናት መዝሙር ትፈልጋለች፣ ልጆቹ ከኋላ ሆነው የራሳቸውን ሙዚቃ ይጠይቃሉ። አያት ካሉ ደግሞ «ኧረ ዝም በሉ፣ ሾፌሩን አታውኩት» ይላሉ። ታዲያ ማን ነው ትክክል?

አጭሩ መልስ ይኸው፦ እንደ መንገዱና እንደ ሾፌሩ ሁኔታ ሁሉም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። የምንሰማው ነገር በራሱ ጥሩ ወይም መጥፎ አይደለም። ዋናው ጥያቄ «በዚህች ደቂቃ መንገዱ ከእኔ ምን ያህል ትኩረት ይፈልጋል?» የሚለው ነው። ስለዚህ የድምፅ መቀነሻዋን ቁልፍ ልክ እንደ ፍሬንና እንደ ፍሬቻ የደኅንነት ዕቃ አድርጋችሁ ቁጠሯት። ለምን እንደሆነ አንድ በአንድ እንየው።

🔹 ልብ ካላየ ዓይን አያይም

ከጀሞ ተነስቶ በመካኒሳ በኩል ወደ ሳር ቤትና ሜክሲኮ የሚወስደውን መንገድ አስቡት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ነው እንበል። ፊታችሁ ያለው ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ሲባል ድንገት ጥግ ይይዛል። ሞተር ሳይክል በቀኝ በኩል ሾልኮ ያልፋል። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ዜብራው ጫፍ ላይ ቆመው ልሻገር አልሻገር ይላሉ። ይህን ሁሉ ዓይናችሁ ያያል። ግን ማየትና ማስተዋል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አእምሯችን በአንድ ጊዜ ሊያስተናግደው የሚችለው መረጃ ልክ አለው። ጆሮ በኩል የሚገባው ነገር ብዙ ማሰብ የሚጠይቅ ከሆነ፣ በዓይን በኩል ለሚገባው የሚተርፈው ትኩረት ይቀንሳል። ዓይን ልጁ ላይ አርፏል፣ አእምሮ ግን ልጁን አልመዘገበውም። አደጋ ያደረሱ ሾፌሮች «ከየት እንደመጣ አላየሁትም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ውሸታቸውን አይደለም። አባቶቻችን «ልብ ካላየ ዓይን አያይም» ያሉትን የዛሬ ሳይንስ በሙከራ አሳይቶታል።

አየርላንድ ውስጥ የኮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሾፌሮችን በማስመሰያ መኪና ላይ አስቀምጠው በሬዲዮ የትራፊክ መረጃ አሰሟቸው። ግማሾቹ የተሰጣቸው ሥራ ቀላል ነበር፣ የተናጋሪው ድምፅ ከወንድ ወደ ሴት ሲቀየር ማስተዋል ብቻ። ሌሎቹ ግን ስለ አንድ የተወሰነ መንገድ የሚነገረውን ለይተው መያዝ ነበረባቸው። መንገዱ ዳር ደግሞ ማንም ያልጠበቀው ነገር ተደረገ፤ ጎሪላ ወይም ዝሆን ቆሞ ይታይ ነበር። ቀላሉን ሥራ ከያዙት 71 በመቶ ያህሉ አዩት። ከባዱን ከያዙት ግን ያዩት 23 በመቶው ብቻ ናቸው። ልብ በሉ፣ ዝሆን ነው ያመለጣቸው! ዜብራ ላይ የቆመች የሰባት ዓመት ልጅማ እንዴት አታመልጥ?

🔹 ለምን ይህን ያህል ያሳስበናል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በትራፊክ አደጋ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው ይሞታል። ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑ ልጆችንና ወጣቶችን በመግደል አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው። እዚህ አዲስ አበባ ደግሞ በመኪና አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ያሉት አይደሉም፣ እግረኞች ናቸው። እኛ በዘፈን ስንመሰጥ ዋጋውን የሚከፍለው ዘፈኑን ያልሰማው ሰው ነው ማለት ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሐሳባችሁ ለሁለት ሰከንድ ብቻ ሬዲዮው ውስጥ ከገባ፣ 28 ሜትር ያህል ማንም ሳይነዳው ሄደ ማለት ነው።

🔹 ሬዲዮ

ሬዲዮ መስማት ብቻውን ያን ያህል ከባድ ሸክም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ፋውንዴሽን ያሠራው ጥናት፣ መሪ ይዞ የሚደረጉ ነገሮች አእምሮን ምን ያህል እንደሚጫኑ በቁጥር አስቀምጧል። ምንም ሳያደርጉ መንዳት ብቻ 1 ነው፤ እጅግ ከባድ የጭንቅላት ሥራ ደግሞ 5። ውጤቱ እንዲህ ነበር፦

👉 ሬዲዮ መስማት 1.21
👉 የተተረከ መጽሐፍ መስማት 1.75
👉 በእጅ ሳይያዝ በስልክ ማውራት 2.27
👉 አብሮ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራት 2.33
👉 ስልክ በእጅ ይዞ ማውራት 2.45
👉 መኪናውን በድምፅ እያዘዙ መልእክት መጻፍ 3.06

እንግዲህ ሸገር ኤፍ ኤም 102.1ን ወይም ፋና 98.1ን ከፍቶ መሄድ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ለምን? ሬዲዮ መልስ አይጠብቅም። መንገዱ ሲከብድ አእምሯችሁ ሳታውቁት ይተወዋል፤ ከአደባባዩ ስትወጡ «ቆይ፣ ምን ነበር ያለው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ጤናማ ነገር ነው፤ አእምሯችሁ መንገዱን መረጠ ማለት ነው።

አደጋው የሚመጣው ሬዲዮውን መተው ሲያቅተን ነው። የምትደግፉት ቡድን ሲጫወት በቀጥታ የሚተላለፍ ኳስ፣ ልብ የሚያንጠለጥል ትረካ፣ የሚያናድድ የፖለቲካ ክርክር። እነዚህን ስንሰማ በሐሳባችን ሥዕል እንሥላለን፤ ሜዳውን እናያለን፣ ገጸ ባሕርይዋን እናያለን። ይህ ሥዕል ደግሞ መንገዱን ከምናይበት አእምሮ ጋር ይሻማል።

🔹 ሙዚቃ

ሙዚቃ ላይ ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ፤ ምቱንና የድምፁን መጠን።

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ የዋረን ብሮድስኪ ጥናት በማስመሰያ መኪና ላይ የነዱ ሰዎችን ተከታትሏል። የሙዚቃው ምት በፈጠነ ቁጥር ፍጥነታቸውም ጨመረ፤ ቀይ መብራት መጣስ፣ መስመር መሳትና መጋጨትም የበዛው በፈጣኑ ሙዚቃ ጊዜ ነበር። ጉራጊኛ ሲገባ ትከሻ ብቻ ሳይሆን ነዳጅ ላይ ያለው እግርም ይጨፍራል ማለት ነው። ፍጥነት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረሱ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል።

ይኸው ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው ጥናት፣ 85 ወጣት ጀማሪ ሾፌሮች አሠልጣኝ አጠገባቸው ተቀምጦ በእውነተኛ መንገድ ላይ ነድተዋል። ራሳቸው የመረጡትን የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ ስሕተታቸው በዛ። ለመንዳት ተብሎ የተዘጋጀ ረጋ ያለ ሙዚቃ ሲከፈት ግን ሁኔታቸው የተሻለ ነበር። ስለዚህ ልጃችሁ መንጃ ፈቃድ ያወጣው ሰሞኑን ከሆነ፣ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ቴፑ ይዘጋ። እኛ ነባሮቹ ሳናስብ የምናደርገውን እሱ ገና እያሰበ ነው የሚያደርገው።

ሙዚቃ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም። ኔዘርላንድስ፣ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ሙከራዎች፣ ልምድ ያላቸው ሾፌሮች በአሰልቺ መንገድ ላይ ሙዚቃ እየሰሙ አካሄዳቸው እንዳልተበላሸ አሳይተዋል። መኪናው ቆሞ በማይንቀሳቀስበት መጨናነቅ ውስጥም ረጋ ያለ መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ክላሲካል ንዴትን ያበርዳል። የተናደደ ሾፌር ደግሞ ከማንም በላይ አደገኛ ነው።

🔹 ዝምታ

«እንግዲያው ሁሉንም ዘግተን ዝም ብለን እንንዳ» ትሉኝ ይሆናል። ዝምታ ጥሩ ነው፣ ግን ዝምታ ሁልጊዜ ባዶ አይደለም። የቤት ኪራይ፣ የአለቃ ነገር፣ ትናንት ማታ የተጣላነው ጠብ፤ ሁሉም ዝምታውን ጠብቆ ይመጣል።

ፈረንሳይ፣ ቦርዶ በሚገኝ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል፣ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው ድንገተኛ ክፍል የገቡ 955 ሾፌሮች ከአደጋው በፊት ምን እያሰቡ እንደነበር ተጠይቀው ነበር። በብርቱ ሐሳብ ተወስደው የነበሩት ለአደጋው ጥፋተኛ ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። ስለዚህ ልብ የሚያደማ ሐሳብ ይዟችሁ ከሆነ፣ ለስለስ ያለ ሬዲዮ ከዝምታው ሊሻል ይችላል። ሐሳቡ እጅግ ከበረታ ደግሞ መንዳቱን ለሌላ ሰው መስጠት ወይም ጥግ ይዞ አምስት ደቂቃ መተንፈስ ነው።

🔹 ስልክ ግን ሌላ ነገር ነው

«እኔ እኮ በእጄ አልይዝም፣ በብሉቱዝ ነው የማወራው» የሚል ብዙ ሰው አለ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት በትራፊክ ደንባችን መከልከሉን ሁላችንም እናውቃለን። የእጅ ነጻ መሆን ግን የአእምሮ ነጻ መሆን አይደለም። የዩታ ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ስትሬየርና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት ሬዲዮ ወይም የተተረከ መጽሐፍ መስማት ብቻውን ያን ያህል ጉዳት አላሳየም፤ በስልክ መነጋገር ግን፣ በእጅ ተያዘም አልተያዘ፣ የትራፊክ ምልክት እንዲያመልጥና ምላሽ እንዲዘገይ አድርጓል።

«ቁጥሩ ላይ አብሮ ከተቀመጠ ሰው ጋር ማውራትም ከስልኩ ያው አይደል?» ብትሉ፣ ሸክሙ ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ አብሯችሁ ያለው ሰው መንገዱን ማየቱ ነው። ሲከብድ ዝም ይላል፤ «ቀስ፣ ቀስ! ልጅ አለ!» ይላችኋል። ስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ግን እናንተ አደባባይ ውስጥ ስትገቡ «ሃሎ? ትሰማኛለህ?» እያለ መልስ ይጠብቃል።

ራይድና ሌሎች ጥሪ ታክሲዎች ላይ የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ ሰክቶ መንዳት የአምቡላንስ ሳይረን ከመስማት ይከለክላል። የሞተር ሾፌሮችም እንዲሁ።

🔹 ክላክስ ፍሬን አይደለም

መካኒሳ ውስጥ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የሚያስተምር ነባር ትምህርት ቤት አለ። ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። ብዙ ሾፌር በሙዚቃ ተመስጦ ሲደርስ ፍሬን ከመያዝ ይልቅ ክላክስ ያደርጋል፤ «ይሰማል፣ ይሸሻል» ብሎ። በዚያ መንገድ ከሚሻገሩት ልጆች መካከል ግን ክላክሱ ጨርሶ የማይሰማቸው አሉ። ልጁ ጆሮው ስለማይሰማ በዓይኑ ይጠነቀቃል። እኛ ጆሯችንም ዓይናችንም ደኅና ሆኖ ሁለቱንም ለቴፑ ከሰጠን፣ እዚያ ዜብራ ላይ መስማት የተሳነው ማን ነው?

በዚህ ላይ የኤሌክትሪክ መኪኖች መጥተዋል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ቁጥራቸው በየመንገዱ ጨምሯል። በዝግታ ሲሄዱ ድምፃቸው እጅግ ትንሽ ስለሆነ እግረኛው አይሰማቸውም፤ ሾፌሩም የሞተር ጩኸት ስለሌለ ፍጥነቱ አይታወቀውም። ትልቁ ስክሪናቸው ደግሞ ቪዲዮ ክፈቱብኝ፣ ክፈቱብኝ ይላል። እየነዱ ቪዲዮ ማየት በጭራሽ አይሆንም።

🔹 እንቅልፍን ሬዲዮ አያባርረውም

ወደ ሐዋሳ፣ ጅማ ወይም ባሕር ዳር ረጅም መንገድ የምትሄዱ ይህን ያዙልኝ። ሲያዛጋን መስኮት እንከፍታለን፣ ቴፑን እናስጮኻለን። እንግሊዝ አገር የላፍበራ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸውታል፤ ቀዝቃዛ አየርና ሬዲዮ የሚረዱት ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። የተሻለ ሆኖ የተገኘው ቡና መጠጣትና ከ15 ደቂቃ ያልበለጠ እንቅልፍ ነው። ቡናው ሥራውን እስኪጀምር ግማሽ ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ጠጥታችሁ ወዲያው መኪናውን ጥግ አስይዛችሁ አሸልቡ፤ ስትነቁ ሁለቱም አብረው ይሠራሉ። ጫት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ምርቃናው ሲወርድ ድካሙ መንገድ ላይ ይጥላችኋል።

ሌሊት በኃይል የምታንኮራፉና ቀን ቀን መሪ ላይ እንቅልፍ የሚያዳፋችሁ ከሆነ፣ ይህ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሕመም ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ዘንድ ቅረቡ። ሕክምና አለው።

🔹 የሾፌሩ ጆሮስ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው 80 ዴሲቤል ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ይቻላል። ድምፁ 90 ዴሲቤል ከደረሰ ግን የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው። በቀን 12 ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ የሚኒባስ ሾፌር 72 ሰዓት መኪና ውስጥ ነው። ስፒከሩ ከኋላው እየጮኸ ከሆነ የሳምንቱን ድርሻ ሰኞ ጠዋት ጨርሶታል።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሰል ስሱ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ ከመኪና ስትወርዱ ጆሮ ጭው ማለት፣ ሰዎች ሲያወሩ «ምን አልክ?» ማብዛት፣ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥኑን ሌሎች ከሚችሉት በላይ ማስጮኽ። ከነዚህ አንዱ ካለ የመስማት ምርመራ አድርጉ።

✅ ከዛሬ ጀምሮ ምን እናድርግ?

1. ጣቢያውንም ዘፈኑንም ከመነሣታችሁ በፊት ምረጡ። እየሄዳችሁ መፈለግ ዓይንንም እጅንም ይወስዳል።

2. ልኩ ይህ ነው፦ የኋላ ተሳፋሪ ሳይጮኽ «ወራጅ አለ» ሲል መሰማት አለበት። አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፃችሁን ከፍ ማድረግ ካስፈለጋችሁ፣ ለመንገዱም ለጆሯችሁም በዝቷል።

3. አደባባይ፣ ዜብራ፣ ትምህርት ቤት አካባቢ፣ ዝናብ፣ ጨለማ፣ የማታውቁት መንገድ፣ ወደ ኋላ ስትነዱ፤ እነዚህ ጋ ቀንሱ ወይም ዝጉ። ካለፋችሁ በኋላ መልሱት።

4. ኳሱን፣ ትረካውንና ክርክሩን መኪናው ሲቆም ወይም ቤት ስትደርሱ ስሙ።

5. ስልክ ሲጠራ አይነሣ። አስፈላጊ ከሆነ ጥግ ያዙና መልሳችሁ ደውሉ። እናንተም ሰው ላይ ስትደውሉ «እየነዳህ ነው እንዴ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ «አዎ» ካለ ዝጉት።

6. ሁለት ጊዜ ካዛጋችሁ ቁሙ።

7. ታክሲ ውስጥ ድምፁ ከበዛ ዝም አትበሉ። «ወንድሜ፣ እባክህ ትንሽ ቀንስልን» ማለት ነውር አይደለም። አንድ ሰው ሲጀምር ሌላውም ይደግፋል። ሾፌሮቻችንም አትቆጡ፤ ጥያቄው ለእናንተም ጆሮ ነው።

8. አደጋ ካያችሁ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለአዲስ አበባ እሳትና አደጋ 939 ደውሉ። ተጎጂውን እንዳገኛችሁት አፍሳችሁ አታንሡ፤ አንገቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ሬዲዮው ይከፈት፣ ሙዚቃውም ይሰማ፤ ግን መንገዱ ሲጠራችሁ መጀመሪያ ለእሱ መልስ ስጡ። ዜብራው ጫፍ ላይ የቆመው ልጅ ምን እየሰማችሁ እንደሆነ አያውቅም፤ እንድታዩት ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ይህን ጽሑፍ መሪ ለሚይዝ ወዳጃችሁ፣ በተለይ ለታክሲ ሾፌሮችና መንጃ ፈቃድ በቅርብ ላወጡ ወጣቶች ሼር አድርጉ። እናንተ ስትነዱ ምን ትሰማላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እየነዳችሁ ግን አይሆንም! 🙏